ግማሹ መደርደሪያዬ ላይ ነው

ሶዶ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ ከማቅረቤ በፊት ክስ አለኝ። ለመሆኑ ደብዳቤ ማጠፍ ማን አስተማረሽ? ያን የሚያህል ሥዕል ሥለሽ፣ ወረቀቱን ልክ በሥዕሉ ወገብ ላይ አጥፈሽ ላክሽልኝ። ባክቴሪያው ውስጥ ሁለት ግማሾች አሉ፣ በመካከላቸውም ክፍተት አለ ትያለሽ። እኔ ክፍተቱ የባክቴሪያው ይሁን የእጥፋቱ ለመለየት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መዝገበ ቃላት ጭኜበት አደርኩ፣ አልተቃናም። በመጨረሻ ሬዲዮ በምበይድበት ብረት ተኮስኩት። አንደኛው ጥግ ትንሽ ተቃጥሏል። ጥፋቱ ያንቺ ነው።

አሁን ክሴን ስላሰማሁ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ትተኛለሽ ወይስ ከባክቴሪያ ሳህኖችሽ ጋር ነው የምታድሪው? የሕንድ በርበሬ ከእኛ ዳጣ ይብሳል ያልሽውን ለማንም አልተነፈስኩም፤ እዚህ ከተማ ስምሽ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ግድግዳ የምንጋራው ጨርቅ ነጋዴው ከድርም ደህና ነው፣ ሰላም በልልኝ ብሏል። እናትሽም እዚያው ጉኑኖ ደህና ናት ሲሉ ሰምቻለሁ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ዛሬ የምነግርሽ ነገር መሀል ላይ ካርድ ቢያልቅ የሚብስ እንጂ የሚቀል አይደለም። ስለዚህ ሱቄን ገርበብ አድርጌ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ስለ ሥራሽ የጻፍሽውን አራት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ገባኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ ጠፋኝ፣ ሦስተኛ ጊዜ ለከድር ላስረዳው ብዬ ጠራሁት፣ ነገሩ የባሰው ያኔ ነው። እንደገባኝ ከሆነ አምፒሲሊን ባክቴሪያን ይገድላል። አንዳንዱ ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ስላለው አይሞትም። እናንተ ያንን ኢንዛይም ለሁለት ከፈላችሁት። ግማሹ ብቻውን ምንም አይቆርጥም። ከዚያ አንዱን ግማሽ ከአንድ ፕሮቲን፣ ሌላውን ከሌላ ፕሮቲን ጋር አሰራችሁ። ሁለቱ ፕሮቲኖች የሚፈላለጉ ከሆነ ሲተቃቀፉ ግማሾቹን ያገናኟቸዋል፤ ኢንዛይሙ ተመልሶ ሙሉ ይሆናል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒት ባለበት ሳህን ላይ ይኖራል። ካልተፈላለጉ ይሞታል። ስለዚህ ማን ማንን እንደሚያቅፍ በዓይናችሁ ሳታዩ፣ የሞተውንና የኖረውን አይታችሁ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለውን ተንኮል እኔ ለምን ቀድሜ አላሰብኩትም ብዬ ተናድጃለሁ።

ከድር ግን አልገባኝም አለ። የጨርቅ መቀሱን ተቀብዬ ሁለቱን ስለቶች የሚያያይዘውን ብሎን ፈታሁት። ይህን ሳደርግ አንዲት ሴት ሦስት ሜትር አቡጀዲ ልታስቆርጥ ቆማ ነበር። አንዱን ስለት ለእሱ ሰጠሁት፣ አንዱን እኔ ያዝኩ። በል ቁረጥ አልኩት። ጨርቁ ተጨማደደ እንጂ አልተቆረጠም። እኔም ሞከርኩ፣ ያው ነው። እንግዲህ ና፣ ተቃቅፈን እንቁረጥ አልኩት። ከአንተ ጋር ከምተቃቀፍ በጥርሴ ብቆርጠው ይሻለኛል አለ። ሴትየዋ ናት ያስገደደችው፤ ኧረ ተቃቀፉና ልሂድበት፣ ዝናቡ መጣ አለች። ተቃቀፍን። አቡጀዲው እንደ ወንዝ ዳር መንገድ ቢጣመምም ተቆረጠ። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ከድር፣ ልጅቷን ሕንድ ድረስ የላካችኋት ለዚህ ነው? አለኝ። ለዚህ ነው አልኩት። ብሎኑን ፈልገህ ግጠምልኝ አለ። እስካሁን አልተገኘም፤ ለጊዜው በሽቦ አስሬለታለሁ።

ከዚያ ችግርሽ ላይ ደረስኩ። እንደማይፈላለጉ አስቀድሞ የሚታወቁት ሁለት ፕሮቲኖች ያሉበት ሳህን ባዶ መሆን ሲገባው ነጭ ነጠብጣብ ሞልቶት አገኘሽው። መተቃቀፍ በሌለበት ቦታ ሕይወት። አስተማሪሽ ድገሚው አሉሽ፣ ደገምሽ፣ ያው ሆነ። ለመመረቅ አራት ወር ቀርቶኛል፣ የቱን እንደማምን አላውቅም ብለሻል። ልጄ፣ ግራ መጋባቱን ብቻሽን የያዝሽው እንዳይመስልሽ። እኔም እዚህ የራሴን ሳህን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። እሱን ልንገርሽ።

ከሁሉም በታች፣ ከፊርማሽ በኋላ፣ በሌላ እስክሪብቶ የጨመርሽው ነገር አለ። ተመልሼ ስመጣ ከማን ቤት ነው የምገባው? የእናንተን ቃል ከጉኑኖ ሶዶ፣ ከሶዶ ጉኑኖ ማመላለስ ሰልችቶኛል፤ ካልተነጋገራችሁ እዚሁ ሥራ እፈልጋለሁ ይላል። እሱን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ከባክቴሪያው በአንድ ይበልጣል።

እውነትሽን ነው። እናትሽና እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት አልተነጋገርንም። ለአጎትሽ ጣራው ያፈሳል በይው ትልሻለች፤ ለእናትሽ ቆርቆሮ እልካለሁ በያት እልሻለሁ፤ ይህን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን። ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ቢያስቀምጡን፣ እግሩን ሰብሰብ ያድርግ በሉት ትላለች አጠገቧ ላለው ሰው። እኔም ሰውየው እስኪነግረኝ ጠብቄ እሰበስባለሁ። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ በደረሰ ቁጥር፣ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ የበዓሉን ሥጋ አይቀምስምና፣ ሽማግሌዎች ሁለታችንንም ይጠይቁናል። እሷ ከወንድሜ ጋር ጠብ የለኝም ትላለች። እኔም ከእህቴ ጋር ጠብ የለኝም እላለሁ። ሁለታችንም አልዋሸንም። ጠብ ከሌለ ደግሞ ምኑን ያስታርቁን? መርቀውን ይሄዳሉ፤ እኛም በየቤታችን ሥጋችንን እንበላለን። አንቺ ሕንድ ስትሄጂ በመካከላችን የነበረው ሽቦ ተቆረጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እናትሽ የማውቀው ከድር ጉኑኖ ገበያ ሄዶ ሲመለስ የሚነግረኝን ብቻ ነው። ከድር ደግሞ ደህና ናት ከማለት ሌላ ዝርዝር አያውቅም።

እና ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የእናቴ ሬዲዮ ትዝ ይልሻል? ቡኒው፣ አንድ መዘውሩ የተሰበረው። ከሞተች ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው። እናትሽ ሁለት ጊዜ በአንቺ በኩል ጠይቃኛለች፤ እኔም ሁለት ጊዜ ገና አልተጠገነም በያት ብዬሻለሁ። ተጠግኗል። ከተጠገነ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል።

ያንን ሬዲዮ ፈታሁና ስፒከሩን አወጣሁ። ቀሪውን ጠራርጌ፣ አዲስ ባትሪ አግብቼ፣ በከድር እጅ ለእናትሽ ላክሁላት። ከድር ምን ብዬ ልስጣት? አለኝ። ምንም አትበል፣ ስጣት ብቻ አልኩት። ስፒከሩ መደርደሪያዬ ላይ ቀረ። ሬዲዮው ያለ ስፒከር ድምፅ የለውም፤ ስፒከሩም ያለ ሬዲዮ ማግኔት የተለጠፈበት ክብ ወረቀት ነው። ያ ሬዲዮ ከተናገረ ተገናኝተናል ማለት ነው፣ ዝም ካለ አልተገናኘንም። እንዳንቺ ላቦራቶሪ ባይኖረኝም ሳህኔ ከጉኑኖ እስከ ሶዶ ይደርሳል።

ስትከፍተው ዝም ይላታል፤ ትነቀንቀዋለች፣ ባትሪውን ታገላብጣለች፤ ከዚያ ይሄ ሰውዬ ሆዱን ባዶ አድርጎ ላከብኝ ብላ ልትሰድበኝ ትመጣለች ብዬ አሰብኩ። ስድብም ንግግር ነው። በዚያ ሰሞን ሱቄን እየጠረግሁ ነበር የምከፍተው፤ ከድር ሚስት ልታገባ ነው እንዴ? እስኪለኝ ድረስ።

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ባለፈው ገበያ ከድር ከጉኑኖ ተመልሶ ጭነቱን እያወረደ፣ ያ የላክኸው ሬዲዮ ድምፁ እንዴት ያምራል መሰለህ አለኝ። በእናትሽ ደጅ ሲያልፍ ሲዘምር ሰምቶታል። የቱ ሬዲዮ? አልኩት። አንተ የላክኸው አለ። ቡኒው? ቡኒው። መዘውሩ የተሰበረው? መዘውሩ ይሰበር አይሰበር እኔ ሐኪሙ ነኝ? አለኝ። ዘወር ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። ስፒከሩ እዚያው ነው። አወረድኩትና ባትሪ አስነካሁት። ጠቅ አለ፤ ደህና ነው። መልሼ ሰቀልኩት፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አወረድኩት።

ስንት ነገር አሰብኩ መሰለሽ። ከድር እኔን ለማስደሰት ዋሽቶ ይሆን? ከድር ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ጆሮውን አየሁት፣ አልቀላም። ቡኒ የሆነ ሌላ ሬዲዮ ገዝታ ይሆን? ወይስ ሻንቶ ያለው ጠጋኝ ከየትም የወለቀ ስፒከር ገጥሞላት ይሆን? እሱ ሰውዬ የመኪና ጥሩምባ ብትሰጪው ሬዲዮ ውስጥ ይገጥመዋል። የቱም ይሁን የቱ፣ እናትሽ ወደ እኔ ሳትመጣ ሬዲዮው ዘመረ። ባዶ መሆን የነበረበት ሳህኔ ሞልቶ አገኘሁት።

ሁለት ቀን አውጥቼ አውርጄ ስህተቴ የት እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ግማሾቹን እንጂ መድኃኒቱን አልፈተሽኩም። እናትሽ ያለ እኔ ስፒከር መኖር አትችልም ብዬ ገምቼ ተነሳሁ። ያለ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ ስፒከር ደግሞ በየገበያው አለ።

ስለዚህ ልጄ፣ አንቺም መጀመሪያ መድኃኒቱን ፈትሺ። መብራት ይጠፋብናል ብለሽኛል። የተበጠበጠ አምፒሲሊን ሙቀት አይወድም፤ ኃይሉ ካለቀ በኋላም ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም ያው ነው። አንዱንም ግማሽ ያልሰጣችሁትን ባዶውን ባክቴሪያ በዚያው መድኃኒት ላይ አድርጊው። እሱም ከኖረ መድኃኒቱ ሞቷል፣ ሳህኖችሽ ሁሉ ሲዋሹሽ ነበር። እሱ ሞቶ ያኛው ከኖረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ግማሾቹ የሚያገናኛቸው ሳይኖር ራሳቸው ይፈላለጋሉ ማለት ይመስለኛል። ለጥናትሽ መጥፎ ዜና ይሆናል። ለሌላ ሰው ግን መጥፎ ላይሆን ይችላል።

ሬዲዮ ጠጋኝ ስለ አምፒሲሊን ይህን ከየት አወቀ ትይኝ ይሆናል። ማወቅ ከነበረብኝ ጊዜ በኋላ ነው ያወቅሁት።

በ1984 ክረምት አንቺ አምስት ዓመትሽ ነበር። የሳንባ ምች አንቺንና እናቴን በአንድ ሳምንት ጣላችሁ። መንግሥት ከተለወጠ ገና ዓመቱ ነው፤ መድኃኒት የሚባል በቅርብ አይገኝም። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ሁለታችሁን ተሸክሞ ኦቶና ሆስፒታል ማድረስ አልተቻለም። በእግሬ ዞሬ ከአንድ ጡረታ ከወጣ ድሬሰር አሥራ ሁለት ፍሬ አምፒሲሊን አገኘሁ። ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም። እኔ ግን የተቀቀለ ቦይና እንደሚያካፍል ሰው ለሁለት ከፈልኩት፣ ስድስት ለእናቴ፣ ስድስት ላንቺ። ቶሎ እንዳያልቅም በቀን አንዳንድ ፍሬ ብቻ እሰጥ ነበር፤ ያንቺን ከፍተን ዱቄቱን በስኳር ውኃ። በዚያን ጊዜ የአንድ የሕክምና መጽሐፍ ግማሹን አንብቤ ሐኪም ነኝ ባይ ሆኜ ነበር። መድኃኒት ሲከፋፈል ማንንም እንደማያድን የሚናገረው ገጽ ሌላኛው ግማሽ ውስጥ ነው ያለው። በኋላ ጨረስኩት።

እስከዚህ ድረስ ታውቂዋለሽ፣ ጉኑኖም በሙሉ ያውቀዋል። አጎትሽ መድኃኒቱን ከፈለው፣ አያትሽ ሞተች። ይህን ሲነግሩሽ ነው ያደግሽው። አልካድኩም፣ ዛሬም አልክድም። የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ያልሰማሽው የሦስተኛውን ቀን ነው። እናቴ ሁለት ፍሬ ወስዳ አራት ቀርቷታል። አንቺ ትንፋሽ አጠረሽ፣ ከንፈርሽ ጠቆረ። ያኔ የአሮጊቷን ለልጅቷ ስጧት የሚል ቃል በቤቱ ውስጥ ተነገረ። የእናቴ አራት ፍሬ ላንቺ ሆነ። በሳምንቱ አንቺ ተነስተሽ ቦይና ለመንሽን። እናቴን ቀበርናት።

ቃሉን ማን እንደተናገረው ረስቼዋለሁ። በቤቱ ውስጥ አራት ነበርን። አንዷ አንቺ ነሽ፣ ለመተንፈስ የምትታገይ። አንዷ እናቴ ናት፣ ራሷን የሳተች። ስለዚህ እኔ መሆን አለብኝ። በቀብሩ ዕለትም ሰው ሁሉ ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከማንም አትጠይቁ አልኩ። እናትሽ ቆማ ትሰማኝ ነበር። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኔን አላየችም።

ይህን የምጽፍልሽ እያዘንሽ እንድትከርሚ አይደለም። ያን ቃል ማንም ይናገረው፣ ትክክለኛ ቃል ነበር። እኔ ፈርቼ ያልተናገርኩት ቃል ነበር። ይህንን ለአንድ ሰው ልናገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈልጌያለሁ፤ ግን እንዲህ ብለሽ ንገሪያት ብዬ በአንቺ በኩል ልልከው የምችለው ቃል አልነበረም። ጣራና ቆርቆሮ ይላካል። ይሄ አይላክም። ሬዲዮውን ያጎደልኩት ለዚህ ነበር፤ ብትመጣ እነግራት ነበር።

ከማን ቤት እንደምትገቢ ዛሬ ልነግርሽ አልችልም። ጊፋታ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጠብ የለኝም እንዳልል ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ምን እንደምል ግን ገና አላወቅሁም።

በይ እንግዲህ፣ ባዶ መሆን ያለበትን ሳህንሽን ባዶ፣ መሙላት ያለበትን ሙሉ ያድርግልሽ። መብራታችሁ አይጥፋ፣ መድኃኒታችሁ አይሙት። አምላክ በሰው አገር የሚያቅፍሽ ሰው አያሳጣሽ፣ በሰላም ወደ ቤትሽ

ቆይኝ፣ ከደጅ ሰው መጣ። መዝሙር ይሰማኛል። ከድር ነው እንዳልል ከድር መዝሙር አይከፍትም።

እናትሽ ናት። ነጠላዋ በዝናብ ርሷል፣ ሬዲዮውን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ቡኒው ነው፣ መዘውሩ የተሰበረው። ጥርት አድርጎ እየዘመረ ነው፤ የሻንቶው ሰውዬ ከእኔ የተሻለ ስፒከር ገጥሞለታል። የእኔን መደርደሪያው ላይ አየችው። ልጅቷ ምን ብላ ጻፈች? አለች። ማን መልእክቱን እንደሚያደርስልኝ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ቆማ እያየችኝ ነው የምጽፈው። ሬዲዮው አልተበላሸም፣ ምን ልታስጠግን እንደመጣች አልገባኝም። ወንበር ላምጣላት።

አጎትሽ